ሦስተኛዋ ፊደል

ይኸውላችሁ፣ በቀደም ዕለት ከወደ ቨርጂኒያ ስልክ ተደወለልኝ። ደዋዩ የሰፈር ልጆች ሁሉ «ጋሼ» እያልን የምንጠራቸው፣ አሜሪካ ከገቡ አርባ ዓመት ሊደፍኑ ጥቂት የቀራቸው ሰው ናቸው። ከዚህ ውስጥ ሃያ ሁለቱን ዓመት ያሳለፉት መኪና ማቆሚያ በር ላይ፣ በአንዲት ጠባብ የመስተዋት ቤት ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆነው ነው። የሳንቲም ፍቅር የያዛቸውም እዚያው ነው። የሌሊት ተራ ሲደርሳቸው ሒሳብ ከዘጉ በኋላ የቀኑን ሳንቲም በመብራት እያገላበጡ ዓመተ ምሕረቱን ያነቡ ነበር። «እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ብዬ የጀመርኩት ነገር እንቅልፍ ነሣኝ» ይላሉ።

ሰላምታችንን በቅጡ ሳንጨርስ፣ «አንተ ጋዜጣ ላይ በሰው ሁሉ ትፈርዳለህ፤ እስቲ ዛሬ በእኔ ፍረድ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1996 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው) ጎረቤታቸው ከነበሩ ሽማግሌ አሜሪካዊ አንዲት ኳርተር ገዙ። ኳርተር ማለት ያቺው ሃያ አምስት ሳንቲም ናት፤ ይህቺኛዋ ግን በ1913 ሳን ፍራንሲስኮ የተመታች ናት። በዚያ ዓመት ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተመታው ኳርተር 40,000 ብቻ ነው። ከ1892 እስከ 1916 በቻርልስ ባርበር ንድፍ ከተሠሩት ኳርተሮች ሁሉ ትንሹ ቁጥር ይህ ነው። የባርበርን ኳርተር በየዓመቱና በየከተማው ለሚሰበስብ ሰው፣ አልበሙ ላይ መጨረሻ ድረስ ባዶ የሚቀረው ቀዳዳ የእሷና የሁለት እህቶቿ፣ የ1896 እና የ1901ዋ ነው። ሦስቱም የሳን ፍራንሲስኮ ልጆች ናቸው። ሰብሳቢዎቹ እንዲህ ያለችዋን ሳንቲም «ቁልፍ» ይሏታል። እሷ ከሌለች ስብስቡ አይዘጋማ።

ሽማግሌው ሳንቲሟን በትንሽ የወረቀት ፖስታ ከትተው፣ በእርሳስ «ጥሩ፤ ሁለት ፊደል» ብለው ጽፈውባታል። የሸጡላቸውም በ«ጥሩ» ዋጋ ነው። ጋሼ ትንሽ ልጨምርልዎ ቢሏቸው፣ ከምታወጣው በላይ አልቀበልም ብለው እምቢ አሉ። እኚያ ሰው ካረፉ ቆዩ። ጋሼም ጡረታ ወጡና ሳንቲሞቻቸውን ለመሸጥ አሰቡ። ዛሬ ይህን የመሰለ ሳንቲም ያለ ምስክር ወረቀት የሚደፍር ገዢ ብዙ የለምና፣ ደረጃ ወደሚሰጥ ድርጅት ላኳት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ በጠንካራ ፕላስቲክ ታሽጋ ተመለሰች። ፕላስቲኩ ላይ የተጻፈው ደረጃ ግን «በጣም ጥሩ» ይላል።

«ሃያ ምናምን ዓመት መሳቢያ ውስጥ ተኝታ ተሻላት እንዴ?» አሉኝ።

ለማያውቅ ሰው ይኼ ቀልድ ይመስላል። በባርበር ኳርተር ላይ ነፃነትን የምትወክል ሴት ራስ አለ። ከግንባሯ በላይ በታሰረው ጥብጣብ ላይ «ሊበርቲ» የሚለው ቃል፣ በእንግሊዝኛው ሰባት ፊደል፣ ደቅቆ ተቀርጿል። ሳንቲሟ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከኪስ ወደ ኪስ ስትዞር ቶሎ ከሚሟሟው ነገር አንዱ ይህ ቃል ነው። እናም ድካሟን የሚለኩት በእሱ ነው። ሰባቱም ፊደል ፈዝዘውም ቢሆን ከተነበቡ ደህና ስም ይሰጣታል። ሦስት ያህል ፊደል ከቀረ «በጣም ጥሩ» ናት። ቃሉ ጠፍቶ የዙሪያው ጠርዝ ግን ካልተነካ «ጥሩ» ትባላለች። ጠርዙም ተበልቶ ከዳር ያለው ጽሑፍ ውስጥ ከገባ ከዚያም በታች ትወርዳለች። እንግዲህ ነፃነት በፊደል እየተቆጠረ የሚሸጥበት ገበያ ነው። (እዚህ ላይ እኔ ምንም አልጨምርም፤ አንባቢ የፈለገውን ይጨምር።)

የጋሼ ሳንቲም ላይ ሁለት ፊደል አለ። ሦስተኛዋ የምትባለው መብራቱን ወደ ጎን ስታዘነብለው ብቅ የምትል ጥላ ናት። ሽማግሌው ወይ አላዩዋትም፣ ወይ አይተው አልቆጠሯትም። ድርጅቱ ቆጠራት። በእንዲህ ያለች ሳንቲም በ«ጥሩ» እና በ«በጣም ጥሩ» መካከል ያለው ልዩነት ብዙ መቶ ዶላር ነው። የ1901ዋ እህቷ ብትሆን ኖሮ ወሬው በሺህ ቤት ይሆን ነበር።

ስሞቹንማ ተዉአቸው! ደረጃው ከ1 እስከ 70 የሚሄድ ነው። «ጥሩ» ስንተኛ እንደሆነ ታውቃላችሁ? 4ኛ። «በጣም ጥሩ»ስ? 8ኛ። ከሰባው ስምንት ያገኘ ተማሪ «በጣም ጥሩ» ተብሎ ወደ ቤቱ ሲሄድ አስቡት። በሳንቲም ቋንቋ «ጥሩ» ማለት ዓመተ ምሕረቱ ይነበባል፣ ፊት እንዳላት ይታወቃል፣ ሌላው አልቋል ማለት ነው። ሲያዩት የሽንገላ ቋንቋ ነው፤ ግን እኛም ብንሆን አልጋ ላይ ተኝተን «እንዴት ነህ?» ስንባል «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» እንል የለ? ጠያቂውም ደህና አለመሆናችንን ያውቃል። ሁለቱም ወገን ትርጉሙን እስካወቀው ድረስ ያበጠ ቃል ውሸት አይደለም። ችግር የሚመጣው እብጠቱ በየጊዜው ሲጨምርና አንዱ ወገን ሳይሰማ ሲቀር ነው።

የቁጥሩ አባት ዊልያም ሼልደን የሚባል አሜሪካዊ ነው። ሙያው የሥነ ልቦና ሲሆን ሰውንም ይመድብ ነበር፤ የሰው ገላ ወፍራም፣ ጡንቻማና ቀጭን በሚሉ ሦስት ጎራዎች እየተለካ ከ1 እስከ 7 ነጥብ ይሰጠዋል፣ ጠባይም ከገላ ይነበባል ባይ ነበር። ለዚህም በታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎችን ራቁታቸውን ፎቶግራፍ አስነስቷል። በ1949 ደግሞ ስለ ጥንቶቹ የአሜሪካ ትልልቅ የመዳብ ሳንቲሞች ባወጣው መጽሐፍ የ70ውን መለኪያ አስተዋወቀ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ እጅግ የደከመችዋ የ1794 ሳንቲም አንድ ዶላር ካወጣች፣ እንከን የሌላት ሰባ ዶላር ታወጣለች። ቁጥሩ ዋጋም ደረጃም ነበር። ዋጋው ብዙ ሳይቆይ ከስሌቱ ውጪ ሮጠ፤ ቁጥሩ ግን እስከ ዛሬ ቀረ።

ይህ መለኪያ ሠሪ በ1977 ሞተ። ከሞተ በኋላ የተጣራው ነገር ግን ጉድ ነው። የአሜሪካ ኑሚስማቲክ ማኅበር በ1946 በስጦታ ካገኘው የመዳብ ሳንቲም ስብስብ ውስጥ ከመቶ በላይ የሚሆኑትን ምርጥ ምርጦቹን ሼልደን እየወሰደ፣ በቦታቸው የራሱን የባሱትን ያስቀምጥ ነበር። ነገሩ በ1990ዎቹ ካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል። እንግዲህ በሁለት ሳንቲሞች መካከል ያለችውን ቀጭን ልዩነት ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰው፣ ያችኑ ልዩነት ነው የሰረቀው። ቆጥሮ ለሚረከብ ጠባቂ አንድም ሳንቲም አልጎደለም። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ሌብነቱ ሳይሆን ብልሃቱ ያሳዝነኛል።

«ድሮ ሰው ሐቀኛ ነበር፣ መለኪያውም ጥብቅ ነበር» የሚል ካለ ግን እዚህ ላይ ልከራከረው። በድሮው ጊዜ ነጋዴው ሲገዛህ «ጥሩ» ያላትን ሳንቲም ማግስቱን ሲሸጥ ሁለት ደረጃ ከፍ አድርጎ ይጠራት ነበር። (የእኛም ጤፍ ነጋዴ ገበሬው ዘንድ ሰርገኛ ያለውን መርካቶ ሲያደርስ ነጭ ይለዋል፤ ማኛ ያልሆነ ጤፍ ያለው ሱቅ እስካሁን አልገጠመኝም።) ብራውንና ደን የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1958 ስለ ደረጃዎቹ መጽሐፍ ያወጡት፣ ጄምስ ረዲ በ1970 በፎቶግራፍ ያሳየው፣ የአሜሪካ የሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበርም በ1977 ይፋ መመሪያ ያሳተመው ይህ ዓይነቱ ጨዋታ ስለበዛ ነው። በ1986 ፒ.ሲ.ጂ.ኤስ፣ በ1987 ኤን.ጂ.ሲ ሥራ ሲጀምሩም የተሰጠው ተስፋ ይኸው ነበር፤ ገዢም ሻጭም ያልሆነ ሦስተኛ ሰው አይቶ ይፍረድ፣ ፍርዱም በፕላስቲክ ይታሸግ።

ታዲያ ከዚያ ወዲህ መለኪያው ለምን ይንሸራተታል? ሰብሳቢዎቹ ሲጨቃጨቁበት ብዙውን ጊዜ ሌባ ይፈልጋሉ። እኔ ግን ሌባ ሳይኖር የሚፈጸም ነገር ይታየኛል። እስቲ ልብ በሉ፤ አንድ ሰው በ«ጥሩ» እና በ«በጣም ጥሩ» መካከል ያለች ሳንቲም አለው። ወደ ድርጅት ይልካታል፣ «ጥሩ» ተብላ ትመለሳለች። ፕላስቲኩን ሰብሮ አውጥቶ መልሶ ይልካታል። አሁንም «ጥሩ»። በአራተኛው ዓይኑ የደከመ ወይም ልቡ የራራ መርማሪ ይደርሳታልና «በጣም ጥሩ» ትባላለች። ያኔ ባለቤቱ ያቆማል። የሚሰብረው ያነሰውን ደረጃ እንጂ የበለጠውን አይደለም። ስለዚህ መርማሪዎቹ ሁሉ ሐቀኛ ቢሆኑ፣ ስህተታቸውም ወደ ላይና ወደ ታች እኩል ቢሆን እንኳ፣ ገበያ ላይ ታሽጎ የሚቀረው ወደ ላይ የተሳሳቱት ብቻ ነው። ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ ደግሞ አዲሱ መርማሪ ዓይኑን የሚያሠለጥነው በእነዚያው ታሽገው በቀሩት ነው። የትናንቱ ስህተት የዛሬ መለኪያ ሆነ ማለት ነው። ማንን ትከሳለህ?

በዚህ ላይ የሳንቲሟ ብርቅነት ራሱ ዓይን ያሳስታል። በየጠረጴዛው የምትገኝ ተራ ኳርተር ብትሆን መርማሪው ሦስተኛዋን ፊደል ፍለጋ መብራት አያዘነብልም፤ አይቶ ያልፋታል። ቁልፍ ዓመት ስትሆን ግን ጎንበስ ብሎ ይፈልግላታል። የከበረ ሰው ልጅ ፈተና ወረቀት ሁለት ጊዜ እንደሚታረመው ነው። የዛገች ካልሆነች፣ ካልተፈተገች፣ ቀለሟም እኩል ግራጫ ከሆነ «ለእንዲህ ያለችው አይነፈጋትም» ይባላል። እዚህ ላይ ነው ደረጃው ስለ ድካም መናገሩን ትቶ ስለ ዋጋ መናገር የሚጀምረው።

(የተገላቢጦሹም አለ፤ ሳልጠቅሰው አላልፍም። ተራ ዓመት ሳንቲሞችን እጅግ የደከሙትን ብቻ፣ 1 ነጥብ ያላቸውን ብቻ መርጠው የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ፣ ይወዳደሩበታልም። አንዳንዱም ሳንቲሙን ዓመታት ሙሉ ኪሱ ውስጥ ከቁልፍ ጋር እያንቀጨለ ሆን ብሎ ያደክመዋል። ሰው መለኪያ ካገኘ በሁለቱም ጫፍ ይሽቀዳደማል።)

የእኛ አያቶች ይህን ጨዋታ በሌላ መንገድ ያውቁት ነበር። ማርያ ቴሬዛ፣ ያቺ ጠገራ የምንላት ብር፣ ንግሥቲቱ ከሞተችበት ከ1780 ወዲህ ዓመተ ምሕረቷ ሳይለወጥ እየተመታች አገራችንን አጥለቅልቃለች። የአገሬው ነጋዴ ሲቀበላት ዝም ብሎ አይቆጥራትም። ንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ፣ ራሷ ላይ ያለውን ዘውድ ያያል፤ ዕንቁዎቹን ይቆጥራል። ዕንቁዎቹ ከፈዘዙ «ይህቺን ለውጥልኝ» ይላል። ምኒልክ በ1894 ፓሪስ ላይ የራሳቸውን ብር ቢያስመቱም፣ ሕዝቡ የለመዳትን ባለ ዕንቁዋን ቶሎ አልተዋትም። 28 ግራም የምትመዝነው ጠገራ ሚዛን ላይ የወቄት መለኪያ ሆናም ታገለግል ነበር። መለኪያ ስትሆን መሟሟቷ ተራ ነገር አይደለም፤ በደከመች ብር የተመዘነ ወርቅ ለሻጩ ጎዶሎ አይሆንም፣ ለገዢው ነው።

ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? ያ የአያቶቻችን ነጋዴ ዕንቁ ሲቆጥር ራሱ ተቀባይ ነው። የተሳሳተ እንደሆነ የደከመችው ብር እሱ እጅ ላይ ትቀራለች። የዛሬው መርማሪ ግን የሚያየው የሰው ሳንቲም ነው፣ የሚከፍለውም ደረጃው ከፍ እንዲል የሚመኘው ባለቤት ነው። ድርጅቶቹ ዋስትና እንሰጣለን ይላሉ፣ አንዳንዴም ይከፍላሉ፤ ነገር ግን ስለ አንዲት ጥላ የመሰለች ፊደል ማን ይካሳል? በ2007 ሲ.ኤ.ሲ የሚባል ድርጅት የተነሣው በዚሁ ክፍተት ነው። የሌሎቹን ድርጅቶች እሽግ እያየ፣ ደረጃዋ የሚገባት ከሆነ ፕላስቲኩ ላይ አረንጓዴ ምልክት ይለጥፍ ጀመር። ክብደት የሰጠው ነገር ምልክት የለጠፈባቸውን ሳንቲሞች ራሱ ለመግዛት ዋጋ ማቅረቡ ነው። ይኸው ዳኛ በ2023 በተራው ሳንቲም የሚያሽግ ድርጅት አቋቋመ። በእሱ ላይ ምልክት የሚለጥፈው ደግሞ ማን ይሆን?

ወደ ጋሼ ልመለስ። ሳንቲሟን ሊገዛ የመጣው እዚያው ያደገ የዕድርተኛቸው ልጅ ነው። ጋሼ ሐቁን አልደበቁትም፤ «ልጄ፣ ሁለት ፊደል ናት፤ በጥሩ ዋጋ ውሰዳት» አሉት። ልጁ ሳቀ። «ጋሼ፣ እኔ የምገዛው የተጻፈውን ነው። በጥሩ ዋጋ ከሰጡኝ ደስ ይለኛል፤ ነገ ግን በተጻፈው እሸጣታለሁ» አላቸው። ልጁ ቢያንስ ግልጽ ነው። የጋሼ ሐቀኝነት ዓለም ላይ የሚለውጠው ነገር ቢኖር ያ ብዙ መቶ ዶላር ከእሳቸው ኪስ ወደ ልጁ ኪስ መዛወሩ ብቻ ነው። የሚጨንቃቸውም ይኼ ነው። «እኔ እውነት ብናገርም ውሸቱ መንገዱን አያቆምም። ታዲያ ለማን ብዬ ነው የምከስረው?» አሉ።

በመጀመሪያ የመጣልኝ መልስ ቀላሉ ነበር። ቃል ሰዎች ዛሬ የሚረዱትን ነው የሚለው። አባቴ በዘጠኝ ብር የገዛውን በግ ዛሬ በሺዎች ሲሸጡልኝ ነጋዴውን ውሸታም አልለውም፤ ብር ስሟ ያው ሆኖ ጉልበቷ ሌላ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። «በጣም ጥሩ»ም እንደዚያው ነው፣ ጋሼ በዛሬ ስሟ በዛሬ ዋጋ ይሽጡ፣ አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን መልሴ አልዋጥልህ አለኝ። ብር ስለ በጉ ምንም አትናገርም። ደረጃ ግን ይናገራል፤ «ይህቺን ሳንቲም አይቻለሁ፣ ሦስት ፊደል አለባት» ይላል። ምስክርነት ነው። ምስክር ደግሞ ዘመኑ ስለተለወጠ ሁለት ያየውን ሦስት ሊል አይችልም። መለኪያውን መለወጥ ኃጢአት ነው አልልም፤ ሰው ይለውጠው፣ ሁለት ፊደልና አንድ ጥላ ይበቃል ይበል። ነውሩ አሮጌውን ስምና አሮጌውን ቁጥር ይዞ፣ ቀኑን ሳይናገር መለወጡ ላይ ነው። እንዲህ ሲሆን በእርሳስ «ጥሩ» ብለው የጻፉት ሽማግሌ በመቃብራቸው ተሳሳቱ ተብለው ይቆጠራሉ። ያልተሳሳቱት ግን እሳቸው ነበሩ።

ለነገሩ የጥንት ግሪኮች አንድ የቆየ እንቆቅልሽ ነበራቸው። ከአሸዋ ክምር ላይ አንድ አንድ ፍሬ ብታነሣ ክምርነቱ የሚቀረው በየትኛዋ ፍሬ ነው? መልስ የለውም፤ ድንበሩን የሚያሰምረው ሰው ነው። ብዙዎች ከዚህ ተነሥተው «እንግዲያማ ሁሉም ነገር ስምምነት ነው» ይላሉ። አይመስለኝም። ድንበሩን የት እንደምናሰምር ብንስማማም፣ አሸዋው ፍሬ በፍሬ መነሣቱ ስምምነት አይደለም።

በማግሥቱ ደወልኩላቸውና «ጋሼ፣ በተጻፈው ዋጋ ይሽጡ፤ ግን የሽማግሌውን ፖስታ አብረው ይስጡት። የሚቀጥለው ገዢ፣ ከእሱም የሚቀጥለው፣ ሁለቱን ምስክር አስተያይቶ ራሱ ይፍረድ» አልኳቸው። በዚህ መልሴ ትንሽ ኩራት ቢጤም ተሰምቶኝ ነበር፣ አልዋሽም።

«እሱንማ ቀድሜህ አስቤው ነበር» አሉኝ። «ልጁ ምን እንዳለ ታውቃለህ? ጋሼ፣ ፖስታውን እንኳን እርስዎ ይያዙት፤ አብሮ ከታየ ዋጋ ያወርድብኛል።»

ሁለታችንም ሳቅን፤ ብዙ የሚያስቅ ግን አልነበረም። ከዚያ «ቆይ ለራስህ ፍረድ» ብለው የሳንቲሟን ፎቶ በስልክ ላኩልኝ። አጉልቼ አየሁት። ሁለት ፊደል። የቀረው ልሙጥ ብር ነው። ያሉት እውነት ነው ብዬ ልጽፍላቸው ስል ስልኬን ትንሽ ዘንበል አደረግሁት፣ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ፤ ዓይኔንም ጨፈን አደረግሁ። የጋሼ ጡረታ፣ የቤት ኪራያቸው፣ እኚያ ደግ ሰው ሃያ ሁለት ዓመት የተቀመጡባት የመስተዋት ቤት በልቤ አለፈ።

ሦስተኛዋ ፊደል ያለች መሰለኝ።